ጥቁሩ ስክሪን፣ ነጩ ገመድ

ዛሬ ስለ ፖለቲካም፣ ስለ ፍቅርም፣ ስለ ታክሲ ሰልፍም አላወራችሁም። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ገመድ ነው። አዎ፣ ስለዚያች ሞባይል ስለምንሞላባት፣ ቢሮ ውስጥ «ቻርጀር ያለው?» እያልን ስለምንፈላለጋት የዩኤስቢ ገመድ። «ይቺ ልጅ ጋዜጠኝነት ተምራ ስለ ገመድ ትጽፋለች እንዴ?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ያሳለፍኳቸው ሦስት ቀናት ባይኖሩ ኖሮ እኔም እንደናንተው ነበር የምለው።

ሐሙስ ማታ ነው። ሃያ ሁለት አካባቢ «ወራጅ አለ!» ብዬ ከሚኒባስ ስወርድ ሞባይሌ ከእጄ አምልጦ አስፋልቱ ላይ በፊቱ ተደፋ። አነሣሁት። መስታወቱ ብዙም አልተሰነጠቀም፤ አንድ ጥግ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለች ነገር ብቻ። «ተመስገን!» ብዬ ቁልፉን ስጫን… ጥቁር። ደግሜ ስጫን… ጥቁር። ስልኩ አልሞተም። እማዬ ስትደውል ይጮሃል፣ መልእክት ሲገባ ይነዝራል፣ ጣቴን የአሻራው ቦታ ላይ ሳሳርፍ «ጠቅ» ብሎ ይከፈታል። ብቻ ፊቱን አያሳይም። ቤት ውስጥ እንዳለ ያኮረፈ ሰው በሉት።

ለስልኩ አይደለም የደነገጥኩት። በዚያ ስልክ ውስጥ የ1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ድምፅ ነበር።

የሰፈራችን አዛውንት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት የሠሩ ፊደል ለቃሚ። ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት ጋዜጣ እንዴት ይታተም እንደነበር ለማታውቁ ላስረዳ፦ ከእርሳስ የተቀረጹ ፊደላት ክፍልፋይ ባለው ትልቅ የእንጨት ገበታ ውስጥ ይቀመጣሉ። ፊደል ለቃሚው አንድ በአንድ እየለቀመ ቃል ይሠራል፤ ከቃል መስመር፣ ከመስመር ገጽ። እንግሊዝኛ በ26 ፊደል፣ ትልቅና ትንሹን ብትቆጥሩ በ52 ይገላገላል። የኛ 33 ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹን፣ ቁጥሮቹንና ነጥቦቹን ሳንጨምር። በዚያ ላይ እያንዳንዷ ፊደል የተቀረጸችው በግልባጭ ነው፣ መስታወት ውስጥ እንደምትታይ።

እኚህን ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ለምኛቸዋለሁ። «ምን አለኝና ልንገርሽ ልጄ፣ የእኔ ሥራ የሌላውን ወሬ መልቀም ነበር» ይሉኛል። በጥቅምት አንድ እሑድ ግን በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን ቡና እየጠጣን እሺ አሉኝና ስልኬን መሐላችን አስቀምጬ ቀዳሁ። ያን ቀን ያወሩት ወሬ… ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትሮክ መታቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ንግግራቸው ግን ሄደ። ቃላት ይፈልጋሉ፣ አይመጣላቸውም።

ዱባይ የምትሠራው ልጃቸው ልታስታምማቸው መጣች። መቅዳቴን ከጎረቤት ሰምታ ቤታችን ድረስ መጥታ «የአባዬን ድምፅ ስጪኝ» አለችኝ። «ቅዳሜ ማታ ነው የምበረው። ከመሄዴ በፊት አጠገቡ ተቀምጬ አብሬው ልስማው»። «ነገ እገለብጥልሻለሁ» አልኳት። ያልኳት ረቡዕ ነው። ስልኩ የወደቀው ሐሙስ ነው።

«ኮፒ አልነበረሽም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አራት ዓመት ጋዜጠኝነት ተምሬ፣ «የቃለ መጠይቅ ቅጂ ቢያንስ ሁለት ቦታ ይቀመጣል» የሚለውን ፈተና ላይ ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ኮፒ ግን አልነበረኝም። እንግዲህ ሳቁብኝ።

አርብ ጠዋት ጥገና ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያው ልጅ ጨዋ ነበር፤ «የተበላሸው ማሳያው ብቻ ነው፤ ሲቀየር ውስጡ ያለው ነገር አይነካም። ግን የዚህ ሞዴል ስክሪን እጄ ላይ የለም፤ ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሺ» አለኝ። ሁለተኛው ከፍቶ ሳያይ «ፎርማት እናድርገው» ሲለኝ ስልኬን ነጥቄ ወጣሁ። ሦስተኛው ስልኬን በአስማሚ ከቴሌቪዥን ጋር ሊያገናኘው ሞከረ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ አንዳንድ ስልኮች በዩኤስቢ ሲ መሰኪያቸው ምስል ማውጣት ይችላሉና። ብዙዎቹ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ስልኮች ግን አይችሉም፤ መሰኪያው ቅርጹ አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ አንድ አይደለም። የኔም ከማይችሉት ነበር።

ይሄኔ ነው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ትዝ ያለኝ። የኮምፒውተር ሰው ነው። ለዚህ ታሪክ እሱን የሚያስፈልገን ግን ከአምስት ወር በፊት በሠራው ሥራ ነውና ወደ ሰኔ ልመልሳችሁ።

በሰኔ አንድ ሥልጠና ላይ የሞባይሌን ስክሪን በላፕቶፔ ላይ ማሳየት ፈልጌ እሱን ጠየቅኩት። «ላፕቶፕሽ ላይ ኤኒዴስክ ጫኚና ቁጥሩን ላኪልኝ» አለኝ። ላክሁለት። «ፍቀጂ» የሚል ጥያቄ መጣ፣ ፈቀድኩ። ከዚያ በኋላ እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ፤ የላፕቶፔ ቀስት ብቻዋን ትንቀሳቀሳለች። ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተቀመጠ ሰው የኔን ፎልደሮች ሲከፍት ማየት… አያት ብታይ ጠበል ትረጭ ነበር።

የዚያን ቀን ግማሹ ጊዜ ያለቀው በምን መሰላችሁ? በገመድ። ስልኬን ሰካሁ፤ ስልኩ ይሞላል፣ ላፕቶፑ ዝም። «ሌላ ገመድ አለሽ?» አለኝ። ሌላ ሰካሁ፤ ይሞላል፣ ዝም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ተራ የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ ዋነኞቹ ሽቦዎች አራት ናቸው። ሁለቱ ኤሌክትሪክ ያመላልሳሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ወሬ። መንገድ ላይ በርካሽ ከምንገዛቸው ገመዶች አንዳንዶቹ ወሬ የሚያመላልሱት ሁለቱ ሽቦዎች ጭራሽ የሏቸውም። ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ባትሪ ይሞላሉ፤ ከኮምፒውተር ጋር ግን አያወሩም። ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣውን ነጭ ገመድ በመጨረሻ ያገኘሁት እማዬ የምትሞላውን ፋኖስ ስትቻርጅበት ነው። ስሰካው ላፕቶፑ «ዲንግ!» አለ። የአክስቴ ልጅም «ይቺን ገመድ ምልክት አድርጊባት» አለኝ። የጥፍር ቀለም ቀባሁባት።

ቀጥሎ «ሴቲንግ ግቢና ስለ ስልኩ በሚለው ሥር የቢልድ ቁጥሩን ሰባት ጊዜ ንኪው» አለኝ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። ሰባት ጊዜ ስነካው «አሁን ዴቨሎፐር ሆነዋል» የሚል መልእክት መጣ። ጋዜጠኝነት አራት ዓመት፣ ዴቨሎፐርነት አራት ሰከንድ! ይህ የተደበቀ ማውጫ አንድሮይድ ውስጥ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። በውስጡ «ዩኤስቢ ዲበጊንግ» የሚል ማብሪያ አለ። ዲበጊንግ የፕሮግራም ስህተት ማረም ነው፤ መተግበሪያ የሚሠሩ ሰዎች ስልኩን ከኮምፒውተር ሆነው እንዲያዙት የተበጀ በር ነው። በሩ ሲከፈት «ኤዲቢ» የሚባል ፕሮግራም ፋይል መገልበጥ፣ መተግበሪያ መጫን፣ ቁልፍ መጫን ይችላል። በዚሁ በር ገብቶ የስልኩን ስክሪን በኮምፒውተር ላይ የሚያሳይ፣ በማውስ እንድናዘውም የሚያደርግ «ስክሪን ኮፒ» ብለው የሚጠሩት ነፃ ፕሮግራም አለ። እሱንም ጫነልኝ። ስልኩ «ለዚህ ኮምፒውተር ዩኤስቢ ዲበጊንግ ይፈቀድ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ፍቀድ የሚለውን ነካሁ፣ ሥልጠናውም አለፈ። ማብሪያውን ማጥፋት ግን ረሳሁ።

በሉ ወደ ኅዳር እንመለስ። አርብ ማታ 3 ሰዓት፤ ለእሱ ቀን 7 ሰዓት፣ የምሳ ሰዓቱ። የእማዬን ስልክ ሆትስፖት አድርጌ ላፕቶፔን አገናኘሁ። የጥፍር ቀለሟን ገመድ ሰካሁ። ዲንግ! ዲበጊንጉ በሰኔ እንደበራ መቅረቱን ስነግረው በጣም ደስ አለው፤ «በቃ ተርፈሻል!» አለኝ። በመጀመሪያ ያስጠነቀቀኝ ግን «ስልኩን እንዳታጠፊው፣ ሪስታርትም እንዳታደርጊው» ብሎ ነው። ለካ ስልክ ጠፍቶ ሲበራ አሻራ አይቀበልም፤ መጀመሪያ ቁጥሩን ካላስገባችሁ አይከፍትም። ቁጥር ደግሞ በጨለማ ስክሪን ላይ እንዴት ይገባል?

የትእዛዝ መስኮቱን ከፈተና «ኤዲቢ ዲቫይስስ» ብሎ ጻፈ። ይህ ትእዛዝ «የተሰካ ስልክ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ መጣ፦ የስልኬ መለያ ቁጥር፣ አጠገቡም «አንኦቶራይዝድ»። ስልኩ አለ፣ ፈቃድ ግን የለም።

«እንዴት? በሰኔ ፈቅጄለት የለ?» አልኩ።

«ፈቅደሽለት ነበር፤ ረስቶሻል» አለኝ። ነገሩ እውነት ነው። ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የተፈቀደለት ኮምፒውተር 7 ቀን ሙሉ ሳይገናኝ ከቆየ ፈቃዱ በራሱ ይሰረዛል፤ ካልቀየራችሁት በስተቀር። እንደገና ሲሰካ እንደገና ይጠየቃል። «አሁን ስልክሽ እየጠየቀሽ ነው። ፍቀድ የሚለውን ንኪ» አለኝ።

«የት ነው ያለው?»

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ነው። ስክሪኑ ጥቁር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ቢቀረጽ ኮሜዲ ነበር። የጠየቀው ሳጥን ከታች በቀኝ በኩል መሆን አለበት እያለ ይመራኛል፤ እኔ በጣቴ ጨለማ እዳብሳለሁ። «ትንሽ ወደ ላይ… ወደ ቀኝ… ንኪ!» አንኦቶራይዝድ። ገመዱን ነቅዬ እሰካለሁ፣ እሱ ኤዲቢን ዘግቶ ይከፍታል፣ እንደገና። አንኦቶራይዝድ። ሃያ ጊዜ ሳንሞክር አልቀረንም። «ይቅር» የሚለውን ይሁን ባዶ ቦታ እየነካሁ ያለሁት አላውቅም።

በመጨረሻ ተናድጄ «አንተ ከዚያ ሆነህ መጫን አትችልም ወይ?» አልኩት። «ላፕቶፔን ሙሉ በሙሉ ይዘኸው የለ?»

«አልችልም» አለኝ። «መቻልም የለብኝም። አስቢው፤ እኔ ከኮምፒውተሩ በኩል ፍቀድ ማለት ከቻልኩ፣ ስልክሽን ኮምፒውተሩ ላይ የሰካ ማንኛውም ሰው ይችላል። ፈቃዱ የሚሰጠው ስልኩ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ስልኩ ሲከፈት፤ ያውም በእጅ። ይሄን ነገር አንቺ ጋዜጠኛዋ ልትወጂው ይገባ ነበር»።

በዚያች ሰዓት አልወደድኩትም። ይባስ ብሎ መብራት ሄደ። ላፕቶፔ የቀረችው ባትሪ 9 በመቶ ነበረች። ተሰናበትን። ተኛሁ ልበላችሁ? አልተኛሁም። እዚያ ጥቁር መስታወት ሥር የአንድ ሰው ድምፅ አለ፤ ባለቤቱ ከእንግዲህ ሊደግመው አይችልም፤ እኔ ደግሞ «ነገ» ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በእማዬ ስልክ ለዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ደወልኩላት። ለእርዳታ አልነበረም የደወልኩት፤ ለማልቀስ ነው። አብረን ነው የተማርነው፤ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ እሷ በነጭ በትሯ እየመራችኝ፣ እኔ እየተከተልኳት (ፈጣን ናት)። ዓይነ ስውር ናት። ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ ነገርኳት። አዳመጠችኝና እንዲህ አለችኝ፦

«ቆይ፣ የተበላሸው ስክሪኑ ብቻ ነው?»

«አዎ!»

«መንካቱ ይሠራል? ድምፁ ይሠራል?»

«ይሠራል»።

«ታዲያ ምን ሆነ? የኔ ስልክ ስክሪኑ ሁልጊዜ ጥቁር አይደል እንዴ?»

እናንተዬ! አራት ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ፣ ስልኳን ስክሪኑን አጥፍታ ስትጠቀም በየቀኑ እያየሁ፣ በሁለት ቀን ውስጥ አንዴ እንኳ ትዝ አላለችኝም። እርዳታ ፍለጋ አሜሪካ ድረስ ስሄድ ጀሞ ያለችውን ጓደኛዬን ዘለልኳት። ለምን? ምክንያቱን ስታወጡት አያምርም። ጭንቅላቴ ውስጥ «ማየት የተሳነው» ከሚለው ጋር «የሚረዳ» እንጂ «የሚረዳኝ» የሚል ቃል ስላልነበረ ነው። ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ጽፌ አውቃለሁ እኮ!

4 ሰዓት ላይ ቤታችን ደረሰች። የአክስቴን ልጅ ቀሰቀስነው፤ ለእሱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ ገባ። ጓደኛዬ ስልኬን ተቀበለችኝ። «አንድ ጊዜ ባትሪዬ አልቆ በስልክሽ ስደውል ቶክባክን በሁለቱ የድምፅ ቁልፎች እንዲነሣ አድርጌው ነበር። ካላጠፋሽው…» አለችና የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻውን አንድ ላይ ጨፍልቃ ያዘች። አንድ… ሁለት… ሦስት ሰከንድ። ስልኬ ተናገረ! በእንግሊዝኛ «ቶክባክ በርቷል» አለ። ሁለት ቀን ሙሉ ያኮረፈ ሰው አፉን ሲፈታ ያለውን ስሜት ታውቁታላችሁ።

ቶክባክ አንድሮይድ ስልኮች ውስጥ የሚገኝ ስክሪን አንባቢ ነው። ጣታችሁን ስክሪኑ ላይ ስታንሸራትቱ ከጣታችሁ ሥር ያለውን ነገር ስሙን ይናገራል። የተናገረውን ለመምረጥ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መንካት ነው፤ የትም ቦታ። ስለዚህ ቁልፉ የት እንዳለ መገመት የለም፤ ትሰማላችሁ፣ ትመርጣላችሁ።

«አሻራሽን አሳርፊ» አለችኝ። አሳረፍኩ። «ገመዱን ሰኪ»። ሰካሁ። ላፕቶፑ ዲንግ አለ፤ ወዲያው ስልኩ «ዩኤስቢ ዲበጊንግ ይፈቀድ?» ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎም ፊደልና ቁጥር እየቀላቀለ ማነብነብ ጀመረ፤ አያልቅም! እኔ የተበላሸ መስሎኝ ደነገጥኩ። የአክስቴ ልጅ በላፕቶፑ በኩል እየሰማ «ተዉት፣ እሱ የኮምፒውተሩ አሻራ ነው። ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ እንዳይገባ እሱን ነው የሚያሳያችሁ» አለ። እሷ ጣቷን ወደ ቀኝ ገፋ አደረገች፤ «ከዚህ ኮምፒውተር ሁልጊዜ ፍቀድ» የሚል ሳጥን። «እሱን አንፈልገውም» ብላ አለፈችው። ገፋ፤ «ይቅር»። ገፋ፤ «ፍቀድ»። ሁለት ጊዜ ነካች።

በላፕቶፑ መስኮት ላይ «አንኦቶራይዝድ» የነበረው ቃል «ዲቫይስ» ሆነ። ከሜሪላንድ አንድ ሰው «እልል!» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ስክሪን ኮፒን ሲከፍተው የሞባይሌ ፊት፣ ያው የአበባ ፎቶ ያለበት፣ ላፕቶፑ ላይ ብቅ አለ። የድምፅ ቅጂዎቹን ፎልደር በሙሉ ገለበጠልኝ። ማስታወሻዎቼን፣ ፎቶዎቼን፣ ሁሉንም። ጓደኛዬ ደግሞ ቡናዋን እየጠጣች አንድ ነገር ነገረችን፦ «ዲበጊንጉ ባይበራም ኖሮ በቶክባክ ማሳወቂያውን ጎትቼ ፋይል ማስተላለፊያውን እመርጥልሽ ነበር»። የአክስቴ ልጅ ትንሽ ዝም ብሎ «ይሄን እኔም አላሰብኩትም» አለ። ሰው ማለት ይሄ ነው።

11 ሰዓት ላይ አዛውንቱ ቤት ገባሁ። ልጃቸው ሻንጣዋን በር አጠገብ አስቀምጣለች። ፍላሹን ቴሌቪዥናቸው ላይ ሰካሁት፤ እሱም ዩኤስቢ ነው። ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። እሳቸው አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ጆሯቸውን አቀኑ። ቅጂው ውስጥ አንድ ቦታ ላይ እንዲህ ይላሉ፤ ሥራውን በጀመሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገበታውን ማየት ትተው ነበር። እጃቸው እያንዳንዷ ፊደል የት ቤት እንዳለች ታውቃለች፤ ዓይናቸው ጽሑፉ ላይ፣ ጣታቸው ፊደሉ ላይ። ይህን ሲሰሙ ቀኝ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ተንቀሳቀሰች፤ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይ። ልጃቸው እጃቸውን ያዘች። እኔ ወጣሁ፤ የኔ ቦታ አልነበረም።

አሁን ቁም ነገሩን ልንገራችሁ፤ ቡና እየጠጣችሁ እንኳ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ገመዳችሁን እወቁ። ስልካችሁን ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ፣ ስልኩን ከፍታችሁ፣ ከላይ ከሚመጣው ማሳወቂያ ፋይል ማስተላለፊያ የሚለውን ምረጡ። ከአንድሮይድ 6 ወዲህ ስልክ ሲሰካ በራሱ የሚያደርገው መሙላት ብቻ ነው፤ ካልነገራችሁት አያወራም። ምርጫው ካልመጣ፣ ኮምፒውተሩም ዝም ካለ፣ ገመዱ ለመሙያ ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሌላ ገመድ፣ ከዚያ ሌላ መሰኪያ ሞክሩ፤ በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ። የስልኩንም ቀዳዳ እዩት፤ የኪስ ብናኝ ይጠቀጠቅበታል፤ ስልኩን አጥፍታችሁ በእንጨት የጥርስ መጎርጎሪያ ቀስ ብላችሁ አውጡት። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ካያችሁ የጎደለው ድራይቨር ነው። ሁሉ ደህና ሆኖ «አንኦቶራይዝድ» ካለ ችግሩ ገመድ አይደለም፤ ስልኩ እናንተን እየጠበቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ዲበጊንግ በር ነው። ስትፈልጉ ክፈቱት፣ ስትጨርሱ ዝጉት። እኔ ክፍት ረስቼው ጠቀመኝ፤ ይህ ዕድል እንጂ ብልህነት አይደለም። ስልካችሁን ከፍቶ መያዝ የሚችል ሰው በዚያ በር ብዙ ነገር ይዞ ይወጣል፤ በተለይ የሌሎች ሰዎች ድምፅና ስም ስልካችን ውስጥ ለያዝን። በሰው ኮምፒውተር ላይ «ሁልጊዜ ፍቀድ» የሚለውን አትንኩ። ከሩቅ መቆጣጠሪያውንም ቁጥር ደውሎ «ከባንክ ነው፣ ከድርጅቱ ነው» ለሚል ለማታውቁት ሰው አትስጡ። እኔ የሰጠሁት አብሮኝ ላደገ ልጅ ነው፤ ሲጨርስም ፕሮግራሙን ዘጋሁት።

ሦስተኛ፣ የስክሪን አንባቢውን አቋራጭ ዛሬውኑ አብሩት፤ ሴቲንግ ውስጥ ተደራሽነት በሚለው ሥር ታገኙታላችሁ። አንድ አሥር ደቂቃ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ተለማመዱት። አሠልቺ ነው፣ ትሳሳታላችሁ፣ ያልፈለጋችሁት ሰው ጋ ትደውላላችሁ። ግን ለመጥፎ ቀን ይሆናችኋል፤ እግረ መንገዳችሁንም አጠገባችሁ ያለ ሰው በየቀኑ ምን እንደሚሠራ ይገባችኋል።

አራተኛውን ታውቁታላችሁ፤ ኮፒ። «ነገ» ያላችሁት ቅጂ ካለ ይህን ጽሑፍ ዝጉና እሱን ገልብጡ። እኔ አልቀየምም።

ጓደኛዬን ምን እንደከፈልኳት ስትጠይቁኝ፦ ምሳ ጋበዝኳት፣ እሷ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት በስልኳ አስነብባ ሰማችውና አንድ ማስተካከያ ሰጠችኝ። «ስለኔ የጻፍሽው ክፍል ረዝሟል፤ ስለ ገመዱ ጨምሪ» አለችኝ። ጨምሬያለሁ።

በሉ ቸር ይግጠመን። ባትሪያችሁም፣ ገመዳችሁም፣ ሰዋችሁም አይጉደልባችሁ።